ራንሰምዌር ፋይሎችዎን ሲቆልፍ፦ መክፈል፣ መፍቻ መፈለግ፣ መጠበቅ ወይስ ከመጠባበቂያ መመለስ?

ትናንት ያለ ችግር ይከፈት የነበረው ሰነድ ዛሬ አልከፈትም ይላል። የፋይሉ ምልክት ወደ ባዶ ነጭ ወረቀት ተቀይሯል። ከስሙ መጨረሻ ላይ ከዚህ በፊት አይተውት የማያውቁት ቅጥያ ተለጥፎበታል። በየፎልደሩ ደግሞ «አንብበኝ» የሚል ስም የያዘ አጭር የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ሲከፍቱት ፎቶግራፎችዎና ሰነዶችዎ በጠንካራ ምስጠራ እንደተቆለፉ፣ መክፈቻው በጸሐፊዎቹ እጅ ብቻ እንደሚገኝ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገሯቸው ዋጋው በግማሽ እንደሚቀንስልዎ ይነግርዎታል። ይህ ራንሰምዌር የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ሥራ ነው።

የጊዜ ገደቡ የተቀመጠው እንዲቸኩሉ ነው፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚወስዱት እርምጃ ሁሉ አንዱን በር ሲከፍት ሌላውን ሊዘጋ ይችላል። በድንጋጤ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደረገ ሰው በኋላ መፍቻ ቢገኝ እንኳ የሚፈታው ፋይል አይኖረውም። ምንም ሳይነካ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ገና ያልተነኩት ፋይሎች ዓይኑ እያየ ይቆለፉበታል። ስለዚህ አማራጮቹን በሚመጡበት ቅደም ተከተል እያነጻጸርኩ፣ በየቦታው የቱን እንደምመርጥና ለምን እንደምመርጥ በግልጽ እናገራለሁ።

ችግሩ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው

ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ማስወገድና የተቆለፉትን ፋይሎች መክፈት ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንቲቫይረስዎ ራንሰምዌሩን አግኝቶ ቢያጠፋው ፋይሎቹ እንደተቆለፉ ይቀራሉ። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሰው አንዱን ማጽጃ ፕሮግራም ከሌላው በላይ እየጫነ ቀኑን ይጨርሳል፤ በመሃል ለፋይሎቹ መመለስ የሚጠቅሙ ማስረጃዎችንም ያጠፋል።

ምክንያቱ ያለው አቆላለፉ ላይ ነው። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ራንሰምዌሮች ሁለት ዓይነት ምስጠራ ያጣምራሉ። ፋይሎቹን የሚቆልፈው ኤኢኤስን የመሰለ ፈጣን ምስጠራ ነው። የእሱ ቁልፍ ደግሞ አርኤስኤ በተባለው ሌላ ምስጠራ ተመልሶ ይቆለፋል። ይህ ሁለተኛው ተጭኖ እንደሚዘጋ ጓጉንቸር ነው፤ ማንም ሰው ሊዘጋው ይችላል፣ የሚከፍተው ግን ቁልፉን የያዘው ብቻ ነው። ያ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ጨርሶ አይኖርም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን የቱንም ያህል ቢያገላብጡት አያገኙትም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ራንሰምዌር በ1989 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆሴፍ ፖፕ የተባለ ሰው በፍሎፒ ዲስክ አባዝቶ በፖስታ የላከው ነው፤ 189 ዶላር ወደ ፓናማ የፖስታ ሳጥን እንዲላክ ይጠይቅ ነበር። ለመቆለፍም ሆነ ለመክፈት የሚጠቀመው አንድ ዓይነት ቁልፍ ስለነበረ ባለሙያዎች ብዙም ሳይቸገሩ ፈቱት። በ2013 ክሪፕቶሎከር የተባለው ራንሰምዌር ጠንካራውን ምስጠራ ከቢትኮይን ክፍያ ጋር አጣምሮ ሲመጣ ያ ቀላል መንገድ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መፍቻ የሚገኘው ወንጀለኞቹ ራሳቸው በኮዳቸው ውስጥ ሲሳሳቱ፣ ፖሊስ ሰርቨራቸውን ሲይዝ ወይም እነሱው ሥራውን ሲተዉና ቁልፉን ሲለቁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፋይሎችዎ በእርግጥ መቆለፋቸውን ያረጋግጡ። በ2012 ገደማ በሰፊው የተሰራጨው ሬቬቶን ከፖሊስ የመጣ የሚመስል የቅጣት ማስታወቂያ በስክሪኑ ሙሉ ይዘረጋ ነበር እንጂ ፋይል አይነካም ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ዊንዶውስን ጥቂት አስፈላጊ ፕሮግራሞች ብቻ በሚሠሩበት ሴፍ ሞድ አስነስቶ በማጽዳት ብቻ መገላገል ይቻላል። በኢንተርኔት ብሮውዘር ውስጥ ብቻ የሚታይ «ተይዘዋል» የሚል ገጽም ብሮውዘሩን ሲዘጉት ከጠፋ የማጭበርበሪያ ገጽ እንጂ ራንሰምዌር አይደለም።

የመጀመሪያው ሰዓት፦ ማጥፋት፣ ሃይበርኔት ማድረግ ወይስ እንደበራ መተው?

አንዱ እርምጃ ምርጫ የለውም። የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ የተሰካ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካለ አሁኑኑ ያውጡ። ራንሰምዌር የሚቆልፈው የኮምፒውተሩን ዲስክ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ሊደርስበት የሚችለውን ሁሉ ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ ነው ምርጫው የሚመጣው።

ኃይሉን ቆርጦ ማጥፋት መቆለፉን ወዲያውኑ ያስቆማል። ጉዳቱ ኮምፒውተሩ በበራበት ጊዜ ብቻ መረጃ በሚይዘው ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ በራም ውስጥ ያለው ሁሉ መጥፋቱ ነው፤ አልፎ አልፎ ቁልፉ ወይም የቁልፉ ክፍል የሚገኘው እዚያ ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር ዓለምን ሲያምስ፣ ተመራማሪዎች ዋናኪዊ የሚባል መሣሪያ ሠርተው በዊንዶውስ ኤክስፒና 7 ላይ ቁልፉን ከራም ማውጣት ችለዋል፤ ኮምፒውተሩ ከተጠቃ በኋላ እንደገና ካልተነሳ ብቻ። ሃይበርኔት ማድረግ በመሃል ያለ መንገድ ነው፤ ሥራውን ያቆማል፣ በራም ያለውንም ወደ ዲስኩ ይገለብጣል። ነገር ግን ኮምፒውተሩን መልሰው ሲያስነሱት ራንሰምዌሩም ካቆመበት ይቀጥላል። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚጠቅመው ዲስኩን አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር የሚመረምር ሰው ካለ ነው።

የእኔ ምርጫ በአንድ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው፦ መቆለፉ አልቋል ወይስ እየቀጠለ ነው? የዲስኩ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም እያለ፣ የፋይሎች ስም እያዩት እየተቀየረ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭነው ይያዙና ያጥፉት። ገና ያልተቆለፉት ፋይሎች እርግጠኛ ጥቅም ናቸው፤ በራም ውስጥ ያለ ቁልፍ ግን ተስፋ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ተቆልፎ ካለቀ ደግሞ ማጥፋቱ የሚያድነው ነገር ስለሌለ ከኔትወርክ እንደተነጠለ በርቶ ይቆይ፣ እርስዎም በስልክዎ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ስለ ራንሰምዌሩ ማንነት ያጣሩ። አንዴ ከጠፋ በኋላ ግን በዚያው ዊንዶውስ አያስነሱት፤ ፋይሎቹን ማየት ካስፈለገ ከፍላሽ በሚነሳ ሌላ ሲስተም ይመልከቱ።

በዚህ ሰዓት መደረግ የሌለበትም አለ። የቤዛ ጥያቄውን ጽሑፍ አይሰርዙ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። የተቆለፉትን ፋይሎች ስም አይቀይሩ፤ ቅጥያውን መልሶ ማስተካከል ምንም አይከፍትም። «አላስፈላጊ ፋይሎችን አጽዳ» የሚሉ ፕሮግራሞችንም አያስኬዱ።

ፋይሎቹን ለመመለስ ያሉት መንገዶች

*ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ።* ቅጂ ካለዎት ሌሎቹን የመመለሻ መንገዶች ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ የለም። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይጸዳ የመጠባበቂያ ዲስኩን አይሰኩ። ይህን ያደረገ ሰው ብቸኛውን ቅጂ በገዛ እጁ ለራንሰምዌሩ አሳልፎ ይሰጣል።

ፋይሎችዎን ዋንድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ ወይም ጉግል ድራይቭ ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ መጀመሪያ የሚያዩት የሚያስደነግጥ ነው። ኮምፒውተርዎ የተቆለፉትን ፋይሎች እንደ አዲስ ለውጥ ቆጥሮ ወደ ክላውዱም ልኳቸዋል። ግን እነዚህ አገልግሎቶች የፋይሎችን የቀድሞ ቅጂዎች ለተወሰነ ጊዜ ያቆያሉ፤ የተለመደው 30 ቀን ነው። ዋንድራይቭ ለማይክሮሶፍት 365 ደንበኞች ማከማቻውን በሙሉ ካለፉት 30 ቀናት ወደ አንዱ የሚመልስ አገልግሎት አለው። ጉግል ድራይቭም የቀድሞ ቅጂዎችን ያስቀምጣል፤ ሆኖም በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎችን አንድ በአንድ መመለስ ካስፈለገ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዋንድራይቭን አስቀድማለሁ። ከየትኛውም ይሁን፣ የ30 ቀኑ ቆጠራ ፋይሉ ከተቆለፈበት ቀን እንደሚጀምር ያስታውሱ። ቸል የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

*መፍቻ መፈለግ።* ቅጂ ከሌለ ቀጣዩ ጥያቄ የያዘዎት የትኛው ራንሰምዌር ነው የሚለው ነው። ሁለት ነፃ አገልግሎቶች አሉ። ኖ ሞር ራንሰም በሐምሌ 2016 የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖል፣ ካስፐርስኪና ኢንቴል ሴኪዩሪቲ በጋራ የጀመሩት ነው፤ መለየት ብቻ ሳይሆን መፍቻዎቹንም በአንድ ቦታ ሰብስቦ በነፃ ይሰጣል። አይዲ ራንሰምዌር ደግሞ ማይክል ጊሌስፒ የተባለ ተመራማሪ የሠራው ነው፤ የሚለያቸው ዓይነቶች እጅግ ብዙ ናቸው። ለሁለቱም የሚሰጡት የቤዛ ጥያቄውን ጽሑፍና የተቆለፈ ፋይል ናሙና ነው። በሁለቱም ይሞክሩ። አንዱ ያላወቀውን ሌላው ሊያውቀው ይችላል።

የተለየው ስም ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት የግል ኮምፒውተሮችን በብዛት ሲያጠቃ የቆየውን ስቶፕ ወይም ጃቩ የሚባለውን ቤተሰብ እንመልከት። በአብዛኛው የሚመጣው ክራክ ከተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ጥበቃው ከተሰበረ) ሶፍትዌር ወይም የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ ከሚያስነሳ ማስነቂያ (አክቲቬተር) ፕሮግራም ጋር ነው። እየቆለፈ ሳለ ዊንዶውስ እየተዘመነ እንደሆነ የሚያስመስል የሐሰት መስኮት ያሳያል፤ ባለቤቱም ዝማኔው እስኪያልቅ በትዕግሥት ይጠብቃል። ሲጨርስ የሚጠይቀው በተለምዶ 980 ዶላር ሲሆን በ72 ሰዓት ውስጥ ከሆነ 490 ነው። ከወንጀለኞቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ከቻለ ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ ቁልፍ ያመጣል። ካልቻለ ግን በውስጡ ይዞት በመጣው የጋራ ቁልፍ ይቆልፋል፤ ያ ቁልፍ በዚያው ዝርያ ተይዘው መገናኘት ላልቻሉት ሁሉ አንድ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በጽሑፉ ግርጌ ከተሰጠው ረጅም መለያ ቁጥር ነው። መለያው በእንግሊዝኛው ትንሹ «ቲ» እና በ«1» ካለቀ የተቆለፉት በጋራው ቁልፍ ነው። እንዲህ ከሆነ ያ ቁልፍ አንድ ቀን በተመራማሪዎች እጅ ሊገባና ኤምሲሶፍት የተባለው የጸረ ቫይረስ ድርጅት በሚያሰራጨው ነፃ መፍቻ ሊከፈትልዎ ይችላል። በሌላ ካለቀ አዲሶቹን ዝርያዎች የሚፈታ መሣሪያ የለም፤ እከፍታለሁ የሚልዎት ሁሉ እያታለለዎት ነው።

ማታለሉ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2020 የጃቩ መፍቻ ነኝ ብሎ ይሰራጭ የነበረ አንድ ፕሮግራም ራሱ ዞራብ የተባለ ሌላ ራንሰምዌር ሆኖ ተገኝቷል፤ የተቆለፉትን ፋይሎች በላያቸው ላይ ደግሞ ይቆልፋቸው ነበር። በመከራ ላይ ያለን ሰው እንዲህ ዳግመኛ መዝረፍ ከመጀመሪያው ጥቃት የከፋ ነው እላለሁ። መፍቻ የሚወርደው ከኖ ሞር ራንሰም ወይም ከታወቀ የጸረ ቫይረስ ድርጅት ገጽ ብቻ ነው። ከተገኘም በኋላ በመጀመሪያ የሚሞከረው በጥቂት ፋይሎች ቅጂ ላይ ነው።

*ፍርፋሪ መልቀም።* ዊንዶውስ በራሱ የሚያስቀምጣቸው ሻዶው ኮፒ የሚባሉ የቀድሞ ቅጂዎች አሉ። ችግሩ ራንሰምዌሮች ይህን ስለሚያውቁ ከመጀመሪያ ሥራቸው አንዱ እነሱን መሰረዝ ነው። አልፎ አልፎ ግን የማስተዳደሪያ ፈቃድ ሳያገኙ ቀርተው ስረዛው ይከሽፋል። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ፍተሻ ስለሆነ ማየቱ አይጎዳም። የተሰረዘ ፋይል የሚያወጡ እንደ ፎቶሬክ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ራንሰምዌሩ ዋናውን ፋይል በመሰረዝ የተቆለፈ ቅጂ ከፈጠረ ነው። በሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ ዕድል አላቸው፤ የሚሽከረከር አካል በሌለው አዲሱ ዲስክ፣ በኤስኤስዲ ላይ ግን የተሰረዘው ቦታ ቶሎ ስለሚጸዳ ብዙ አይጠብቁ።

ከዚህ የተሻለ ተስፋ ያለው በትልልቅ ፋይሎች ላይ ነው። ጃቩ ፍጥነት ለማግኘት ሲል የሚቆልፈው የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ የጽሑፍ ሰነድ ይህ ሁለመናው ነው። ለአንድ ጊጋባይት ቪዲዮ ግን ኢምንት ነው፤ በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ እንደ ናሙና የሚወስዱ የቪዲዮ መጠገኛ ፕሮግራሞች ብዙውን ክፍል ሊመልሱት ይችላሉ። ብዙ ፋይል የታጨቀበት ዚፕም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያሉት ይጠፋሉ፣ የተቀሩት ይወጣሉ።

*መጠበቅ።* ብዙዎች እንደ አማራጭ የማይቆጥሩት ይህ ነው፤ እኔ ግን ለፎቶግራፍና ለማስታወሻ ከመክፈል አስቀድመዋለሁ። የተቆለፉትን ፋይሎችና የቤዛ ጽሑፉን በሌላ ዲስክ ገልብጠው ያስቀምጡ። ታሪኩ ተስፋ የሚሰጥ ነው። የክሪፕቶሎከር ቁልፎች በ2014 ተገኝተው ተጠቂዎች በነፃ ከፈቱ። ቴስላክሪፕት የተባለው ሌላ ራንሰምዌር ባለቤቶች በግንቦት 2016 ሥራቸውን አቁመው ዋናውን ቁልፍ ለሕዝብ ለቀቁ። ጋንድክራብ ለተባለው በ2019 መፍቻ ተገኘለት፤ ሼድ የተባለው ራንሰምዌር አንቀሳቃሾች ደግሞ በ2020 ከ750,000 በላይ ቁልፎችን አወጡ። በእርግጥ ይህ ቀን መቼ እንደሚመጣ፣ ለእርስዎው ዝርያ ስለመምጣቱም ማንም ዋስትና አይሰጥም። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስፈልግ የመመረቂያ ጽሑፍ ላለው ሰው መጠበቅ መልስ አይሆንም።

*መክፈል።* አይክፈሉ እላለሁ። ከፍለው የተመለሰላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህን መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። ነገር ግን ከፋዩ የሚገዛው ዋስትና የሌለው ቃል ነው። በሰኔ 2017 የተነሳው ኖትፔትያ ቤዛ ጠያቂ መስሎ ቢመጣም በስክሪኑ ያሳየው የነበረው መለያ ቁጥር ዝም ብሎ የተፈጠረ ስለነበረ፣ የከፈለ ሰው ፋይሉን የሚያገኝበት መንገድ ከመነሻውም አልነበረም። መገናኛው ኢሜይልም በዚያው ቀን ተዘጋ። ዋናክራይ 300 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ ክፍያው ሁሉ ወደ ሦስት የቢትኮይን አድራሻዎች ስለሚገባ ማን እንደከፈለ ለመለየት አዳጋች ነበር። ትክክለኛ መፍቻ ቢላክ እንኳ ጥሩ መሣሪያ ነው ማለት አይደለም። በግንቦት 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ የነዳጅ ቧንቧ ድርጅት 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ያገኘው መፍቻ ከመዝገሙ የተነሳ ድርጅቱ በራሱ መጠባበቂያ መሥራቱን ቀጥሏል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያ ገንዘብ የሚቀጥለውን ሰው ኮምፒውተር የሚቆልፈው ፕሮግራም መሥሪያ ይሆናል።

ሌላ መንገድ ሁሉ አልቆበት ለመክፈል የወሰነን ሰው ግን አልኮንነውም። ቢያንስ እነዚህን ያድርግ፦ አንድ ፋይል በነፃ እንዲፈቱለት ይጠይቅ፣ ብዙዎቹ ይህን ይፈቅዳሉ፤ የሚልከው ፋይል የግል መረጃ የሌለበት ይሁን፤ የሚልኩለትን መፍቻ ከማስኬዱ በፊት የተቆለፉትን ፋይሎች ገልብጦ ያስቀምጥ። «ማንኛውንም ራንሰምዌር እንፈታለን» ከሚሉ ድርጅቶችም ይጠንቀቅ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለወንጀለኞቹ በድብቅ ከፍለው በላዩ ላይ የራሳቸውን ትርፍ የሚጨምሩ ናቸው። በምን ዘዴ እንደሚፈቱት በግልጽ ማስረዳት ካልቻሉ ይለፏቸው።

ማጽዳት ወይስ ከሥሩ ፎርማት ማድረግ?

ብዙ ራንሰምዌሮች ሥራቸውን ሲጨርሱ ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ አንቲቫይረስዎ ፈትሾ «ምንም የለም» ቢል ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። አሳሳቢው አብሯቸው የሚገባው ነው። ጃቩ ብዙ ጊዜ አዞሩልትና ቪዳር የሚባሉትን የይለፍ ቃል ሌቦች አስከትሎ ይመጣል፤ እነዚህ በብሮውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ሰብስበው ይልካሉ። ከዚህም ሌላ ሆስትስ የሚባለውን የዊንዶውስ ፋይል ቀይሮ የጸረ ቫይረስ ድርጅቶች ገጾች እንዳይከፈቱ ያደርጋል፤ እርዳታ ፍለጋ ሲወጡ በሮቹ ሁሉ የተዘጉ የሚመስልዎ በዚህ ምክንያት ነው።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ በሚመጣው አንቲቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር የኦፍላይን ፍተሻ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚደረገው) እና በሌላ ሁለተኛ ፈታሽ ማጽዳት ፈጣን ነው፤ ግን ንጹሕ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። የዊንዶውስን ቅንብር ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ሲስተም ሪስቶር ለዚህ ችግር አይሆንም፤ የግል ፋይሎችን አይመልስም፣ ወራሪውንም ለማጥፋት ዋስትና አይሰጥም። ሦስተኛው በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጅቶ፣ የድሮውን ክፍልፋይ ሁሉ ሰርዞ እንደ አዲስ መጫን ነው። እኔ ያለ ማመንታት ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በባንክ ሒሳብዎ ገብተው ሲሠሩ አይሰጉም። ፎርማት ከመደረጉ በፊት የተቆለፉት ፋይሎችና የቤዛ ጽሑፉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጣቸውን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።

የይለፍ ቃሎችዎን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይሩ፤ ከኢሜይሉ ይጀምሩ፣ የሌሎቹ ሁሉ መመለሻ እሱ ነውና። «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ትእዛዝም አብረው ይስጡ፤ ሌባው ከይለፍ ቃሉ ጋር የተከፈተ ገጽዎን ወስዶ ሊሆን ይችላል።

ዳግም እንዳይያዙ፦ የቱ መከላከያ ምን ያህል ያስጥላል?

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌርን መተው በግል ኮምፒውተር ላይ ከየትኛውም የሚገዛ አንቲቫይረስ ይበልጣል። የማስነቂያ ፕሮግራሙ መመሪያ ራሱ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ይላል፤ ባለቤቱም በገዛ እጁ ጥበቃውን ያነሳለታል። ዋጋው ለከበደው ሰው ሊብሬኦፊስን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ።

ማዘመን ሁለተኛው ነው። ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የደፈነው በመጋቢት 14 ቀን 2017 ነበር። ጥቃቱ የተነሳው ግንቦት 12 ነው። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ያዘመነ ሰው ኮምፒውተሩ በዚያ ቀዳዳ አልተጠቃም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃ ያለ ተጨማሪ ዝማኔ በእሱ የሚሠሩ ሰዎች ወደ 11 መሻገር ወይም ሌላ ሲስተም መምረጥ አለባቸው።

አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ወይስ የሚገዛ አንቲቫይረስ? ለአብዛኛው ሰው ዲፌንደር ይበቃል። በውስጡ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል፣ ያልታወቀ ፕሮግራም የሰነድና የፎቶ ፎልደሮችን እንዳይነካ የሚከለክል ጥበቃ አለ። ከዊንዶውስ ጋር ሲመጣ ጠፍቶ ስለሆነ ራስዎ ማብራት ያስፈልግዎታል። መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ፕሮግራሞችንም እየከለከለ ያስቸግራል፤ አንድ በአንድ ሲፈቅዱላቸው ይረጋጋል። ሌላ አንቲቫይረስ ከጫኑ ግን ይህ ጥበቃ ሥራ ያቆማል፤ የሚገዙት ተመሳሳይ ጥበቃ እንዳለው ሳያዩ አይቀይሩ።

በተራ ተጠቃሚ አካውንት መሥራት ጥሩ ልማድ ነው፤ ሻዶው ኮፒዎችን ከመሰረዝ ያድናል። የእርስዎን ፋይሎች ለመቆለፍ ግን ራንሰምዌሩ የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል፣ የማስተዳደሪያ ፈቃድ አያሻውም። የፋይል ቅጥያዎች ሁልጊዜ እንዲታዩ ማድረግም ወጪ የለውም፤ «ደረሰኝ ፒዲኤፍ» የሚመስለው ፋይል መጨረሻው ኤክስኢ፣ ማለትም ፕሮግራም መሆኑ የሚታየው ያኔ ነው። በኢሜይል የመጣ የዎርድ ሰነድ ማክሮ (በሰነዱ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ፕሮግራም) እንዲፈቀድለት ከጠየቀ ይዝጉት። ኮምፒውተሩን ከርቀት ለመቆጣጠር የሚያገለግለውን ሪሞት ዴስክቶፕን የማይጠቀሙ ከሆነ ያጥፉት።

እነዚህ ሁሉ አልፎ የሚመጣ ጥቃት ይኖራል፤ ስለዚህ የመጠባበቂያ ምርጫው ላይ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው ቅጂ አለኝ ማለት አይችልም። ሁልጊዜ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ ለዲስክ ብልሽት ጥሩ ነው፤ ለራንሰምዌር ግን ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ተሰክቶ ወዲያው የሚነቀል ዲስክ ዋጋው ያው ሆኖ ጥበቃው እጅግ ይበልጣል፤ የሚጎድለው የሰው ልማድ ነው፣ መርሳት አለና። ክላውድ ያለ እርስዎ እርዳታ በየሰዓቱ ይሠራል፤ ሆኖም የቀድሞ ቅጂ የማያስቀምጥ ከሆነ የተቆለፈውን ተቀብሎ ጥሩውን ይሽረዋል። በቤት ኔትወርክ ላይ የሚቀመጥ የጋራ ማከማቻ፣ ናስ የሚባለው፣ የሚመቸው ብዙ ኮምፒውተር ላለው ቤተሰብ ነው፤ የቀድሞ ሁኔታውን የሚያስቀምጠው ስናፕሾት ካልበራለት ግን እሱም እንደ ተሰካ ዲስክ ይቆጠራል። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለዓመታት ማስቀመጫ አይመረጥም።

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው የባለሙያዎች ደንብ ለግል ተጠቃሚም ይሠራል። በተግባር ሲተረጎም አንዱ በኮምፒውተሩ ያለው ነው፣ አንዱ ተነቅሎ የሚቀመጥ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ የቀድሞ ቅጂዎችን የሚያቆይ ክላውድ። ዲስክ ሁለት ማድረግ የሚችል በየሳምንቱ ያፈራርቃቸው፤ አንዱ በተሰካበት ቅጽበት ጥቃት ቢመጣ ሌላው ከሳምንት በፊት የነበረውን ይዞ ይተርፋል። በየጥቂት ወሩም ከቅጂው ላይ አንድ ፎቶ፣ አንድ ሰነድና አንድ ቪዲዮ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጠው ይክፈቷቸው፤ መጠባበቂያው ለወራት ሳይሠራ ቆይቶ ከሆነ የሚታወቀው በዚህ ፍተሻ ነው።